«ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ስለ መጠየቅ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ የተነገረ)



 ንግግራችን በክስ ይጀምራል፤ ክሱም የቀረበው በእኛው በተናጋሪዎቹ ላይ ነው። ባለፈው ስብሰባ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፤ «እነዚህ ልጆች በገበያ ቀን ገበያ ናቸው፤ በማግሥቱ ቡና ከሚፈላበት ቤት አይጠፉም፤ በሦስተኛው ቀን ክራር የሚመታ ሽማግሌ አለ ተብሎ ሲሮጡ ይታያሉ። ዛሬ ስለ ማሽላ፤ ነገ ስለ ውል፤ ከነገ ወዲያ ስለ ዘፈን ይጠይቃሉ። ሁሉን ጀማሪ፤ አንዱንም የማይጨርሱ ናቸው። ማኅበሩ የሰጣቸው የሐሙስ ማታ ሰዓት ለፈተና ጥናት ይዋል» ሲል ተናገረ። ከአዳራሹም ሞቅ ያለ ጭብጨባ አገኘ። ማኅበሩ ውሳኔውን አቆይቶ ዛሬ ማታ መልስ እንድንሰጥ ፈቀደልን።

ክሱን በሙሉ አንክድም። ከመካከላችን ስለ ጥንቅሽ ዐይነቶች ሲጽፍ አድሮ በማግሥቱ በሒሳብ ፈተና የወደቀ አለ፤ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ይሁን እንጂ፤ «ይህ ምን ይባላል? ከየት መጣ? ለምንስ እንዲህ ሆነ?» እያሉ መጠየቅ ሥራ ፈትነት ነው በተባለው ላይ አንስማማም። የምንከራከረውም በትልልቅ ቃላት ሳይሆን፤ እዚሁ በወልድያና በአካባቢው ባገኘናቸው ትናንሽ ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ወደ ገበያ እንውረድ። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በዋናው መንገድ የሚሄድ ሰው ስሪንቃን አልፎ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርሳ ይደርሳል። አገሩ ሐብሩ ነው። መንገደኛ መርሳን የሚያውቃት በፍራፍሬዋ ነው። መኪና በቆመ ቁጥር ብርቱካንና ፓፓያ የያዙ ልጆች ከመስኮቱ ሥር ይሰበሰባሉ፤ መንገደኛውም ልጦ እየበላ ያልፋል። ዘወር ብሎ ሜዳውን ላስተዋለ ግን ቆላው የማሽላ አገር ነው።

አንድ ቀን በኅዳር ወር ከገበያ ዳር አንዲት እናት የማሽላ እሸት በፍም ላይ ሲጠብሱ አገኘናቸው። ጠብሰው፤ በእጃቸው አሽተው፤ ገለባውን እፍ ብለው ሰጡን። ጣዕሙ ከሌላው ማሽላ የተለየ ሆነብን።

«እማማ፤ ይህ ምን ይባላል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ወተት በጉንጬ ነዋ! ስም የሌለው መስሏችሁ ነው እንዴ፤ ልጆቼ?»

በስሙ ሳቅን፤ በደብተራችንም ጻፍነው። «ለምን ማሳውን ሁሉ እርሱን አይዘሩትም?» ብለን ደግሞ ጠየቅን። እርሳቸውም፤ ፍሬው ኮስመን ያለ መሆኑን፤ ጎተራ የሚሞላው ሌላው መሆኑን፤ ይህኛው ግን ለልጅና ለእንግዳ ደስታ ሲባል ከሌላው መካከል ጥቂት ጥቂት እንደሚዘራ ነገሩን። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር።

በኋላ ግን ከመጻሕፍት ስናገላብጥ ያው ስም ከፊታችን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ 9 ሺሕ ያህል የማሽላ ዐይነት መርምረው ነበር። የሚፈልጉት ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል በብዛት የያዘ ማሽላ ነበር። ላይሲን ለሰው አካል ዕድገት የግድ አስፈላጊ ሲሆን፤ በተለመደው ማሽላ ውስጥ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ከፍ ያለ ላይሲን ይዘው የተገኙት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፤ ሁለቱም የተወሰዱት ከወሎ ነበር። የአንደኛው ስም «ወተት በጉንጬ» ነው፤ የሁለተኛውም ስም ከማር ጋራ የተያያዘ ነው። ገበሬው ላይሲን የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም። ምላሱ ግን ወተትና ማር ብሎ ለይቶ፤ ስም ሰጥቶ፤ ዘሩ እንዳይጠፋበት በማሳው መካከል እያኖረ ለልጅ ልጅ አቆየው። እንግዲህ «ለምን ከዚህ ዘር ጥቂት ትዘራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጨዋታ ነውን? ያ ስም በአንዲት እናት ጉንጭ ውስጥ የተቀመጠ እውቀት ነበር።

ከገበያ ወደ ቤት እንግባ። ወሎ ውስጥ ቡና ሳይጠጣ የሚያልቅ ጉዳይ የለም፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፤ ዕጣኑ ጨሶ፤ ጀበናው ከእሳት ሲወርድ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ በየሃይማኖቱ መርቆ ይጠጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ብዙ ሰዎች እነዚህን ስሞች ከዐረብኛ ጋራ ያገናኟቸዋል፤ ይኸውም ፊተኛ፣ ሁለተኛና በረከት እንደ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ አንድ ጥያቄ መጣብን፤ ክርስቲያኑስ በዚህ ስም እየጠራ መጠጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

የታሪክ መጻሕፍት እንደሚያስረዱን፤ ቡና በቀድሞ ዘመን የእስላሞች መጠጥ ነው ተብሎ በብዙ አገር ክርስቲያኖች እንዳይጠጡት ካህናት ይከለክሉ ነበር። ክልከላው እየላላ የሄደው በተለይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠን በረካውን የምንጠብቅ የሁለት ሃይማኖት ልጆች፤ የምንጠጣው ቡናን ብቻ አይደለም፤ የቀድሞ ሰዎች ተለያይተው ቆይተው በኋላ የተስማሙበትን ነገር ጭምር ነው። ስምምነቱ በወረቀት አልተፈረመም፤ በስኒ ተቀድቶ ጸና። ይህን የማያውቅ ሰው ጎረቤቱን ሲያጣ ምን እንዳጣ አያውቅም።

በወረቀት የተፈረመም አለ። ከመርሳ ወደ ደቡብ፤ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ወደ ደሴ የምንሄድ ሁላችን እናልፍበታለን፤ አብዛኞቻችን ግን በመኪናው ውስጥ እንቅልፍ ይዞን ነው። በዚህ ሥፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከኤውሮጳ መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ትርጉም ነበረው፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣልያም በዚያች ቃል ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተቈረጠ። በአንድ ግስ ምክንያት ስንት ሰው እንደ ወደቀ ታስቡታላችሁን? «ይህ ቃል በእነርሱ ቋንቋ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፤ አንዳንዶች እንደሚያስቡት፤ የቃል ሰንጣቂ ብቻ አይደለም።

የየጁንም ነገር እንዲሁ ነው የምናልፈው። «በእኛ አገር ምን ታሪክ አለ?» የሚል የወልድያ ልጅ በመካከላችን ሰምተናል። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 70 ዓመት ያህል በጎንደር ነገሥታት ስም አገሩን የገዙት ራሶች ከዚሁ ከየጁ የወጡ ነበሩ፤ የመጨረሻው ራስ ዓሊ በደጃዝማች ካሣ፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፤ ድል የሆኑት በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ነው። እቴጌ ጣይቱም በአባታቸው በኩል ከዚሁ ቤት ይወለዳሉ። የውጫሌውን ውል አጥብቀው የተቃወሙት እቴጌ ዘራቸው ውሉ ከተፈረመበት ሥፍራ አጠገብ ካለ አገር መሆኑን ስናውቅ፤ በዋናው መንገድ ላይ የምንተኛው እንቅልፍ አሳፈረን።

ከዚህ ቀጥሎ ዘፈን ነው፤ ከሳሻችንም አብዝቶ የሳቀበት ይህ ነበር። የአማርኛ ዘፈን ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው ይባላል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አምባሰል በሐይቅና በውጫሌ በኩል የምናየው ተራራና አገር ነው፤ ባቲም ደጋውና የአፋር ቆላ የሚገናኙበት የታወቀ ገበያ ነው። በማሪቱ ለገሠ ድምፅ አምባሰልን የማያውቅ ማን አለ? ነገር ግን የሚያዳምጠው ሰው አምባሰልን የቅኝት ስም እንጂ የአገር ስም አድርጎ ላያስበው ይችላል። ክራር የሚመቱት ሽማግሌ አንድ ማታ ያንኑ ግጥም በባቲ ከዚያም በአምባሰል መትተው አሰሙን። ግጥሙ አንድ ሲሆን ኀዘኑ ሁለት ሆነ። በዚያ ማታ ያገኘነውን ደስታ ለፈተና ልንጽፈው አንችልም፤ ነገር ግን ደስታ ራሱ ምንም ዋጋ የለውም ብሎ የሚከራከረን ካለ ሐሙስ ማታ ይምጣና ይስማ።

ጓደኞቻችን፤ እስካሁን የነገርናችሁ የሚያስደስተውን ነው። አሁን ወደሚከብደው እንለፍ። ይህን ንግግር እንድናቀርብ ያስገደደን የሰዓቱ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

የፐርዱ ሊቃውንት የወሎን ማሽላ በመሣሪያ መርምረው ባደነቁበት በዚያው ዓመት የወሎ ሕዝብ በረኃብ ያልቅ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከተጎዱት ሁሉ የሰሜን ምሥራቅ ወሎ ቆላ አገር ዋነኛው ነበር፤ የተራበው ሕዝብ በዚህ በምናውቀው ዋና መንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። በ1965 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው፤ አይተው፤ ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ዓለምም አወቀ።

ይህን ረኃብ በኋላ ከመረመሩት አንዱ ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያገኘው ነገር የሚያስደነግጥ ነው። በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀድሞው ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። ሰው የሞተው እህል ከገበያ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛበት ስላጣ ነው። ከብቱ ከስቶ ዋጋው ወደቀ፤ አዝመራው ጠፋበት፤ ጉልበቱን የሚቀጥረው አልተገኘም። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ የእህል ዋጋ ብቻ የሚያይ ሹም፤ ዋጋው ደኅና ነው ብሎ ሊተኛ ይችል ነበር። በገበያው መካከል ቆማ «ዛሬ አንዲት ፍየል ስንት ቁና ማሽላ ትለውጣለች? አምና ስንት ነበር?» ብላ የምትጠይቅ አንዲት ሴት ግን፤ ከሹሙ ቀድማ ታውቃለች።

አሁን ገበያ ወርደን የምንጠይቀውን ነገር ተመልከቱ። ስለ ማሽላ ስም ስንጠይቅ የዋጋውን ነገር እንሰማለን፤ ስለ ቡና ስንጠይቅ ቡና ያቆመ ቤት የትኛው እንደሆነ እንሰማለን። ከሁለት ስኒ በኋላ ጎረቤት «ዘንድሮ በረካ የለም» ብሎ ሲስቅ፤ ሳቁ ምን እንደያዘ የሚያውቅ አዘውትሮ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ትንሿን ነገር ለማየት የለመደ ዓይን ትልቁን መከራ ሲመጣ ያየዋል። ትንሿን የናቀ ግን ሬሳ መንገድ ላይ እስኪወድቅ ድረስ አያይም።

ሌላው የሚከብደን ነገር በእኛው ዘመን የሆነ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነት ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየች። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ከዘረፋና ከጥፋት አልዳነም። ስለ ሰው ሕይወት ለመናገር ይህ ሰዓት አይበቃም። ስለ ወረቀት ብቻ አንድ ነገር እንበል። በአንድ ክፍል፤ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ በአንድ ቀን ይጠፋል። በዚያ ጊዜ ከጠፋው መካከል ምን እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። የነገሯቸው ሽማግሎች ግን አንዳንዶቹ አልፈዋል፤ ሁለተኛ ሊጠየቁ አይችሉም። በብዙ ሰዎች ደብተር የተገለበጠ ነገር ግን አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። እንደ ወተት በጉንጬ ዘር ነው፤ በየማሳው ጥቂት ጥቂት ስለ ተዘራ ነው የቆየው።

እንዲህ ያለውን ሥራ በቁም ነገር የያዙ ሰዎች ቀድመውን ነበሩ። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በመንግሥት ከፍተኛ ሥራ ላይ ሳሉ የአገሩን ሥርዐት፣ ግብርና ልማድ ለቅመው በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር»ን አሳተሙ፤ ዛሬ ያን መጽሐፍ ሳይከፍት ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ተመራማሪ ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እኚህ ሰው ስለ ነገሥታትም፣ ስለ ገንዘብም፣ ስለ በሽታም፣ ስለ ረኃብም ጽፈዋል። በእኛ ስብሰባ ቢገኙ ኖሮ ከሳሻችን እርሳቸውንም ሁሉን ጀማሪ ብሎ በከሰሳቸው ነበር። ልዩነቱ ግን አንድ ነው፤ እርሳቸው የጀመሩትን ጽፈው ጨርሰዋል። እዚህ ላይ ከሳሻችን እውነት አለው፤ እኛም እጃችንን እንሰጣለን።

ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የሐሙስ ማታ ሰዓት ባለበት ይቈይ። ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ ከእኛ መካከል እያንዳንዱ ከሰበሰበው ሁሉ አንድ ነገር መርጦ በዓመቱ ውስጥ ጽፎ ይጨርስ፤ ያልጨረሰ በዚህ መድረክ ቆሞ ምክንያቱን ይናገር።

ሁለተኛ፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ በልጅነታቸው ይበሉት የነበረና ዛሬ የጠፋ ምግብ ወይም ዘር፤ የሚያውቁት የሥፍራ ስምና የስሙ ምክንያት፤ በክፉ ዓመት ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት እንዳተረፈ። የሚናገሩትን በራሳቸው ቃል እንጻፈው። እኛ የተማርን ነን ብለን ንግግራቸውን አናርም። ቀኑንና ሥፍራውን እንመዝግብ፤ ስማቸው እንዲጻፍ ፈቃዳቸውን እንጠይቅ፤ እምቢ ካሉ እናክብር።

ሦስተኛ፤ የተጻፈው ሁሉ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከጸሐፊው ዘንድ፤ አንዱ ከማኅበሩ፤ አንዱ ደግሞ ከተናገሩት ሰው ቤት ይቀመጥ። ከሰዎች ቤት እውቀት ወስዶ ምንም ሳይመልሱ መሄድ ብድር መካድ ነውና።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የግብርናው መምህር ስለ ማሽላ ሲያስተምሩ በስሪንቃ ያለውን የምርምር ማዕከል ሥራ ብቻ ሳይሆን፤ የሐብሩ ገበሬ ለዘሮቹ የሰጠውን ስምም ይጠይቁን። የኢኮኖሚው መምህር ስለ ገበያ ሲያስተምሩ ወደ ወልድያ ገበያ ይላኩን። ያን ጊዜ ጓደኛችን የሚለው የፈተና ጥናትና የእኛ መንከራተት ሁለት ነገር መሆናቸው ይቀራል።

ያችን እሸት የጠበሱልን እናት ስንለያያቸው፤ «ምን ያደርግላችኋል ይህን ሁሉ መጻፍ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ጊዜ የምንመልሰው አጣን፤ ዝም ብለን ሳቅን። እርሳቸውም፤ «እንግዲያስ አብሽሩ፤ ጻፉት። እኔ ለልጆቼ ስነግር አልሰሙኝም» አሉን። ዛሬ ማታ የምንለምናችሁ ሰዓት ለእኛ አይደለም፤ ልጆቻቸው ላልሰሟቸው ለእርሳቸውና እርሳቸውን ለመሰሉ ሁሉ ነው። ውሳኔው የእናንተ ነው።